ለአዴሊያ ሩት የመጡ ደብዳቤዎች

የልጄን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብኩት መቃብር ላይ ነው።

አርባ አራት ዓመቴ ነበር። የፓስተሩ ሚስት ሚስስ ግሬሰን ክረምቱን ሙሉ ማክሰኞና ሐሙስ በቤተ ክርስቲያኑ የኋላ ክፍል ማንበብ ስታስተምረኝ ቆየች። አንድ ቀን መጽሐፉን ከእጄ ወስዳ ዘጋችውና፣ "ቨርና፣ ዛሬ ሌላ ትምህርት የለም። በየደጁ ያለውን ድንጋይ እያነበብሽ ወደ ቤትሽ ሂጂ" አለችኝ።

ደሴታችን ላይ ሙታን የሚቀበሩት በየቤቱ ደጃፍ ነው። ከውሃው ከፍ ያለ መሬት ያለው ቤት የተሠራበት ላይ ብቻ ነውና ሌላ ቦታ የለንም። ልብስ የምናሰጣው በነሱ መካከል ነው፤ ልጆች ድብብቆሽ ሲጫወቱ የሚሸሸጉት ከነሱ ኋላ ነው። ያን ቀን ሰባት ድንጋይ አንብቤ ከራሴ አጥር ደረስኩ። ከበረንዳው ፊት ለፊት ያለውን ድንጋይ ፊደሉን አንድ ባንድ እየለቀምኩ አነበብኩት። አዴሊያ ሩት ትዊፎርድ። 1916 – 1933።

ድንጋዩ የማን እንደሆነ አግብቼ ወደዚህ ቤት ከገባሁበት ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። የባሌ የሌስሊ አያት እኅት ናት፤ በአሥራ ሰባት ዓመቷ በነሐሴ ማዕበል ሰጥማ የሞተች። ልጃችንን በስሟ የጠራናትም እኛው ነን፤ እኛ ዘንድ ስም አይጣልም፣ የሞተ ሰው ስም ለሚወለደው ይሰጣል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ግን ማወቅና በዓይን ማንበብ አንድ አይደለም። በረንዳው ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ።

ልጄን ማንም አዴሊያ ብሎ አይጠራትም። ስትወለድ እፍኝ ስለማትሞላ፣ ዳር ዳሩን ውሃ ውስጥ በሚርመሰመሰው ትንሽ ዓሣ ስም ሚኖ አልናት፤ ሚኖ ሆና ቀረች። ሙሉ ስሟ የሚነሣው ትምህርት ቤት ውጤት ሲሰጥ ብቻ ነው። በቀረው ጊዜ ስሙ የድንጋዩ ነው።

ስለዚያችኛዋ አዴሊያ የሚነገረው አጭር ነው። የብስ ላይ ባለ የመምህራን ኮሌጅ ለመግባት አመልክታ ነበር። መልሱ ሳይመጣ ማዕበሉ መጣ። በተቀበረች በሦስተኛው ቀን የፖስታ ጀልባዋ "ተቀብለንሻል" የሚል ደብዳቤ ይዛ ደረሰች። አባቷ ደብዳቤውን መመለስ አቃተው። በሰም ጨርቅ ጠቅልሎ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከተተውና በድንጋዩ ሥር አስቀመጠላት፤ በላዩም ኦይስተር የሚባለውን የባሕር ፍጥረት ቅርፊት ከመረ። ከዚያ ወዲህ ደሴታችን ላይ ለሞተ ሰው የመጣ ደብዳቤ አይመለስም። ከድንጋዩ ሥር ይቀመጣል። በየመቃብሩ ቆርቆሮ ወይም ማሰሮ አለ፤ ውስጡ በአብዛኛው የማስታወቂያ ወረቀት ነው። ልጆች አይነኩትም። እኛም አናወራበትም።

ሚኖ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ በሆነች ጊዜ፣ መስከረም ላይ፣ ሚስተር ሆልብሩክ የሚባለው የኮሌጅ አማካሪ በፖስታ ጀልባዋ መጣ። ትምህርት ቤታችን አሥራ አንድ ልጅ ነው ያለው፤ የመጨረሻ ክፍል ላይ ያለችው ሚኖ ብቻ ስለነበረች ሰውየው የመጣው ለእሷ ነው ማለት ይቻላል። እኔና ሌስሊም ተቀመጥን። ሌስሊ ከሸርጣን ወጥመዱ በቀጥታ ስለመጣ ክፍሉ ዓሣ ዓሣ ይሸታል።

"ምን መማር ነው የምትፈልጊው?" አላት አማካሪው።

"የአካባቢ ሥነ ሕይወት።"

"ሸርጣን ልትቆጥር ነው" አለ ሌስሊ። "ከዚያ መጥታ ስንት ሸርጣን ማጥመድ እንደሚፈቀድልኝ ለኔው ልትነግረኝ ነው።"

"አባባ፣ አንተን እኮ አስቀድሜ እከስሃለሁ" አለችው። "ምን እንደምትደብቅ አውቃለሁ።"

አማካሪው ሳቀ። ከዚያ ወረቀት አውጥቶ በሦስት ከፈለው። በመጀመሪያው ሕልሟ የሆኑትን፣ በሁለተኛው ለውጤቷ ልክ የሆኑትን፣ በሦስተኛው ደግሞ መጠባበቂያ ኮሌጆችን እንድትጽፍ ነገራት።

"መጠባበቂያ አልፈልግም" አለች ሚኖ።

"ሁሉም እንደሱ ይላል፤ እስከ ሚያዝያ" አለ። "መጠባበቂያ ማለት ሦስት ነገር የሚያሟላ ነው። ያለ ጥርጥር ይቀበልሻል። ክፍያው ከቤተሰብሽ አቅም አያልፍም። ሌላው ሁሉ ቢቀር ደግሞ እዚያ ገብተሽ መኖር አያስጠላሽም። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ መጠባበቂያ አይባልም።"

ያለ ጥርጥር የሚቀበልሽ። ሰውየው ሲናገር በመስኮቱ የማየው የጎረቤት ግቢ ነበር። በድንጋዮቹ መካከል የተተወውን ባዶ ሣር አየሁ። እያንዳንዱ ቤተሰብ ለሚመጣው ሰው ትንሽ ቦታ ይተዋል፤ የኛም ግቢ ከአዴሊያ ጎን አንድ ሰው የሚበቃ ክፍት አለው። ሐሳቡን ከራሴ አባረርኩት። ከዚያ ወዲህ ግን ተመላለሰብኝ።

ሚኖ ከመማሯ በፊትም ሥራዋ ያው ነበር። ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምራ በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ በውሃው ዳር እንጨት ትተክላለች። ከእንጨቱ እስከ አዴሊያ ድንጋይ ድረስ በእርምጃ ትለካና ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። ስትጀምር አርባ አንድ እርምጃ ነበር። በዚያ መስከረም ወደ አሥራ አንድ እርምጃ ወርዶ ነበር። የረግረጉ ሣር ለምን እንደሚሞት፣ የትኛው ሣር ጨውን እንደሚችል፣ የትኛው ሥር ጭቃውን ይዞ እንደሚያቆይ ማወቅ ትፈልጋለች። ደሴቷን አድናለሁ አትልም። "ቢያንስ ምን እንደገደላት ልወቅ" ነው የምትለው።

አምስት የሕልምና የልክ ኮሌጅ መረጠች። ሁሉንም በትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ላከች። መጠባበቂያውን ስጠይቃት ግን፣ "እማ፣ እሱን አንቺ ምረጪ" አለችኝ። "አንቺ መጨነቅ ትወጃለሽ፤ ይኸውልሽ ሥራ።"

በቀልድ ነው ያለችው። እኔ ግን ከልቤ ያዝኩት። ከየኮሌጁ የመጣው ባለ ሥዕል ወረቀት አንድ ከረጢት ሞልቶ ነበር፤ ያን ጊዜ ሁሉም ቤታችን ደጅ ድረስ ነበር የሚመጣው። በቀን አንድ አነባለሁ፤ አንዳንዱ ሁለት ቀን ይፈጅብኛል። ሕንፃ ብቻ የሚያሳዩትን ጣልኳቸው። ከዚያ ስልክ መደወል ጀመርኩ።

"ልጄ በመጀመሪያው ዓመት ጭቃ ውስጥ ትገባለች?" ብዬ ነበር የምጠይቀው።

አንዷ ሳቀችብኝ። አንዱ ጋ የትምህርቱ ስያሜ አለ፣ መምህሩ ግን ሁለት ብቻ ነው፤ አንደኛው ደግሞ ጡረታ ሊወጣ ነው። አንዱ ያመለከተን ሁሉ ይቀበላል፤ ግን ለሩቅ ክፍለ ሀገር ልጅ ክፍያው እጥፍ ስለሆነ ለኛ መጠባበቂያ ሊሆን አይችልም። አንዱ ከውሃ የሁለት ቀን መንገድ ይርቃል። በመጨረሻ በትልቁ ወንዝ ዳር ያለውን የክፍለ ሀገራችንን የመንግሥት ኮሌጅ አገኘሁ። የሚኖን ዓይነት ውጤት ካላቸው ከአሥሩ ዘጠኙን እንደሚቀበሉ በቁጥር ነገሩኝ። የራሳቸው የረግረግ መሬት አላቸው፤ ተማሪው በየዓመቱ ሣር ይተክልበታል። ጀልባም አላቸው።

"ሞተሩ ስንት ፈረስ ጉልበት ነው?" አለ ሌስሊ።

"ቁም ነገሩ እሱ ነው?"

"ለኔ እሱ ነው። ደካማ ሞተር ላይ ልጄን አላሳፍርም።"

ደግሜ ደውዬ ጠየቅኩለት። በቃ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ሚኖ ማመልከቻውን ለመሙላት ጊዜ አልነበራትም። የወረቀት ማመልከቻ አስልኬ እኔው ሞላሁት። ጥቅምት ውስጥ ነው፤ ጭጋጉ ከውሃው ተነሥቶ እስከ አጥሩ ደርሷል። በረንዳው ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ በእርሳስ ስሟን ጻፍኩ። ፊደሉ እንዳይሳሳትብኝ ድንጋዩን እያየሁ ነበር የምጽፈው። አንድ ፊደል እጽፋለሁ፣ ቀና እላለሁ፣ ሌላ ፊደል እጽፋለሁ።

አክስት ኦርደል ቀይ ጋሪዋን እየጎተተች መጣች። ሰማንያ ሰባት ዓመቷ ነው። ከፖስታ ቤት ጡረታ ከወጣች ቆይታለች፤ ግን ከጀልባው መቆሚያ ደብዳቤ ለየቤቱ የምታደርሰው አሁንም እሷ ናት። ተይ የሚላት ልብ ያለው ሰው ጠፋ። በማዕበሉ ጊዜ የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አዴሊያ የአጎቷ ልጅ ናት።

"ምን ትጽፊያለሽ?" አለችኝ።

"ለአዴሊያ ሩት ኮሌጅ እያመለከትኩላት ነው፣ አክስቴ" አልኳት። ወረቀቱ ላይ ያለው ስም አፌ ላይ ስለነበረ ነው። ሚኖ ማለት ነበረብኝ።

አክስት ኦርደል ወደ ድንጋዩ ዞራ ብዙ አየችው።

"ጊዜው ነው" አለች። "ብዙ ጠበቀች።"

እርጅና ነው ብዬ ወደ ወረቀቴ ተመለስኩ። ጋሪው ቅርፊት በተነጠፈበት መንገድ ላይ እየተንገጫገጨ ጭጋጉ ውስጥ ገባ።

መልሶች መምጣት የጀመሩት ከየካቲት በኋላ ነው። የሚኖ አምስቱ በኮምፒዩተር ስለሚመጡ፣ ትምህርት ቤት ታነባቸውና ምሳ ሰዓት ላይ መጥታ ትነግረናለች። የመጀመሪያው አልተቀበላትም። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ አስገባት። አራተኛው ተቀበላት፤ ሌስሊ የጠየቁትን ክፍያ ሲያይ ወረቀቱን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። አምስተኛው አልተቀበላትም።

የወንዙ ዳር ኮሌጅ ግን ዝም አለ።

ያለ ጥርጥር ይቀበላል ያልነው እሱ ነበር። ጀልባዋ በመጣች ቁጥር መቆሚያው ድረስ እወርዳለሁ።

"ለሚኖ ምንም የለም" ትለኛለች አክስት ኦርደል፣ ጋሪዋን እያሰረች።

"በደንብ አይተው ነው?"

"ሰባ ዓመት ደብዳቤ ለይቻለሁ፣ ቨርና። ለሚኖ የለም አልኩሽ።"

ኮሌጁ ጋ ደውዬ መጠየቅ እችል ነበር። ፈራሁ። አይ ካሉኝ ሌላ የሚደወልበት ቦታ አልነበረም።

ሚኖ መሳቅ አቆመች። መጋቢት ላይ የአባቷን ትርፍ የዝናብ ልብስ ከጓዳ አውጥታ በሩ አጠገብ ባለው ማንጠልጠያ ሰቀለችው። "ዘንድሮ ከአባባ ጋር ልሥራ፤ የሚቀጥለው ዓመት እንደገና አመለክታለሁ" አለች። ሌስሊ ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። ቡናውን ሳይጨርስ ተነሥቶ ወጣ። ሁለታችንም የምናውቀው ነገር ነው፤ ደሴቷ ላይ ለአንድ ዓመት ብሎ የቀረ፣ ሲሄድ አይተን አናውቅም። እኔ ደግሞ ሌላም ጭንቀት ነበረብኝ። ልጄ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር።

በዚያው ሰሞን ግቢያችን ውስጥ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ጠዋት ልብስ ላሰጣ ስወጣ ሣሩ በአንድ መስመር ተኝቷል። መስመሩ ከአዴሊያ ድንጋይ ተነሥቶ በአጥሩ በር ያልፍና ወደ ጀልባው መቆሚያ ይወርዳል። ስፋቱ የአንድ ሰው እርምጃ ያህል ነው። ሣሩ ርጥብ ነበር፤ ከመስመሩ ውጪ ያለው ግን ደረቅ ነው። ሚኖን ጠራኋት።

ተንበርክካ ሣሩን በጣቷ ነካችና ወደ አፏ አስጠጋችው። "ጨው ነው" አለች።

"ውሃው እዚህ ደርሶ ነበር?"

"አልደረሰም። ትናንት ለክቻለሁ። ስድስት እርምጃ ይቀረዋል።" ቆማ መስመሩን እስከ መጨረሻው ተመለከተች። "አባባ ወጥመድ ጎትቶበት ይሆናል።"

ሌስሊ አልጎተተም። ሁለታችንም አልጠየቅነውም።

በሚያዝያ ሃያ ዘጠነኛው ቀን ከባድ ጭጋግ ወረደ። የኮሌጆቹ ሁሉ የመጨረሻ ቀን ግንቦት አንድ ነው። ከቀትር በኋላ በመስኮቱ ስመለከት አንድ ሰው የአዴሊያ ድንጋይ ላይ አጎንብሷል። ጭጋጉ ትንሽ ሲገለጥ ቀዩን ጋሪ አየሁ።

ሮጬ ወጣሁ። "አክስት ኦርደል! ምን እያደረጉ ነው?"

"ደብዳቤዋን ነዋ" አለች ቀና ሳትል። የኦይስተሩን ቅርፊት አንድ ባንድ ታነሣለች።

"የማንን?"

"የአዴሊያን። ከኮሌጁ። ይኼ አራተኛው ነው፤ ጥሩ ኮሌጅ ነው፣ አይሰለቹም።" ከዚያ አየችኝ። "ምን ሆነሻል? አንቺ አይደለሽም እንዴ ያመለከትሽላት?"

ፖስታውን ከእጇ ወሰድኩት። አዴሊያ ሩት ትዊፎርድ ይላል፤ የልጄ ስም፣ የቤታችን አድራሻ። ክረምቱን ሙሉ ሚስስ ግሬሰን ያስተማረችኝን ይዤ፣ ልጄን ሊያስቀር የነበረውን ጥፋት በራሴ አፍ እንደሠራሁት ያን ጊዜ ገባኝ።

ቆርቆሮውን ከፈትኩት። ከላይ ሦስት ፖስታ ነበር፤ ከሥራቸው በሰም ጨርቅ የተጠቀለለው የጥንቱ ደብዳቤ። ሦስቱም ተከፍተዋል። ከላይ ጫፋቸው በቢላዋ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል፤ አንድ ክር ያህል እንኳ አልተቀደደም።

"ማነው የከፈታቸው?"

"እኔ የሰው ደብዳቤ አልከፍትም።"

"አክስቴ፣ አልቆጣም። እውነቱን ይንገሩኝ።"

"ሰባ ዓመት የሰው ደብዳቤ ከፍቼ አላውቅም!" ጮኸችብኝ። ሁለት እጆቿን ዘረጋችልኝ። እንደ ቅጠል ይንቀጠቀጡ ነበር። እነዚያ እጆች ማንኪያ እንኳ ሳያፈሱ አያደርሱም።

የመጀመሪያውን ደብዳቤ እዚያው ቆሜ አነበብኩት። ውድ አዴሊያ፣ ይላል፣ የአካባቢ ሥነ ሕይወት ተማሪያችን እንድትሆኚ ስንቀበልሽ ደስ እያለን ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያነበብኩት የመጀመሪያ ደብዳቤ እሱ ነው። መጨረሻው ላይ፣ ከዚህ ጋር ያለውን የመልስ ካርድ ሞልተሽ እስከ ግንቦት አንድ ካልላክሽ ቦታሽ ለሌላ ይሰጣል ይላል። ፖስታውን ገልብጬ አራገፍኩት። ካርድ የለም። ሌሎቹን ሁለት ፖስታዎችም አራገፍኩ። ቆርቆሮውን ገለበጥኩ። የለም።

ሚኖና ሌስሊ ወጥ ቤት ነበሩ። ነገርኳቸው። ሚኖ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ፊቷ ወረቀቱን መሰለ። ሌስሊ ስልኩን አንሥቶ ሰጠኝ። "ደውይ" አለኝ። "አንቺ ታውቂያቸዋለሽ።"

የስልኩን ድምፅ ሁሉም እንዲሰማ ከፈትነው።

"አዴሊያ ትዊፎርድ..." አለች የቢሮዋ ሴት። "አዎ፣ ስሟ እዚህ አለ። ምን ያስጨንቃችኋል? መልሷ እኮ ደርሶናል።"

"መቼ?"

"መጋቢት አሥራ ሰባት። እመጣለሁ የሚለው ላይ ምልክት አድርጋለች፤ ፈርማለችም። እንዲያውም ካርዱን ቢሮው ሁሉ እየተቀባበለ ነበር ያየው። እንደዚህ ያለ የእጅ ጽሕፈት ዛሬ ማን ይጽፋል! የት ነው የተማረችው?"

ሚኖ አፏን በእጇ ያዘች። "እኔ አልጻፍኩም" አለች በሹክሹክታ።

"ሰላም ናችሁ?" አለች ሴትዮዋ።

"ሰላም ነን" አልኳት። "ልጄ ሌላ መልስ ትጽፋለች። ለማንኛውም።"

"አያስፈልግም፣ እመቤት። አንዱ በቂ ነው።"

"ለማንኛውም" አልኩ ደግሜ። "በነገው ዕለት ይደርሳችኋል።"

ስልኩን ስዘጋ ሌስሊ፣ "ኦርደል ናት" አለ።

"እጇን አላየኸውም?"

"ሌላ ማን ይሆናል?"

እሱ ራሱ በመስኮቱ ወደ ድንጋዩ አላየም፤ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ሚኖ ከደብተሯ ገጽ ቀድዳ እመጣለሁ ብላ ጻፈች፣ ፈረመች፣ የተወለደችበትን ቀን ጨመረች። ሌስሊ ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልሎ ሸሚዙ ውስጥ ከተተው። በዚያ ጭጋግ ጀልባ የሚያወጣ የለም፤ እሱ ግን ሊያደርሰው ተነሣ።

"ለሸርጣን ቆጣሪዎች ስል ልሞት ነው" አለ ቦት ጫማውን እየሳበ። በሩ ላይ የተሰቀለውን የሚኖን የዝናብ ልብስ አንሥቶ ወሰደው። ተመልሶ ሲመጣ ልብሱን አላመጣውም። አልጠየቅነውም።

ነሐሴ ላይ እኔና ሌስሊ ሚኖን ልናደርስ ሄድን። ሕንፃው ከወንዙ ዳር ነው፤ ወንዙ ጨው የለውም፣ ሽታውም ከኛ ውሃ ይለያል። የሚኖ ክፍል ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነበር። በሩ ላይ ሁለት ካርድ ተለጥፏል። በአንዱ አዴሊያ ሩት ትዊፎርድ ይላል። በሌላውም አዴሊያ ሩት ትዊፎርድ ይላል።

ሌስሊ ሻንጣውን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠው።

ቁልፍ የምትሰጠው ወጣት ሴት በሳቅ ሞተች። "ይቅርታ! ሁለት መልስ ስለደረሰ ኮምፒዩተሩ ሁለት ሰው አድርጎሻል። የልደት ዓመቱ ተለያየበት። አንዷ 1998፣ ሌላዋ 1916። መቶ ዓመቷ!" ዕንባዋን ጠረገች። "ስናየው ጊዜው አልፏል፤ ሌላ ልጅ ማስገባት አልተቻለም። ዕድለኛ ነሽ፣ ብቻሽን ትሆኛለሽ።"

ሚኖ አመሰገነቻትና በሩን ዘጋች። ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

"በካርዱ ላይ 1916 ብሎ የጻፈው ማነው?" አለ ሌስሊ። ማንን እንደሚጠይቅ አላውቅም።

ክፍሉ ሁለት አልጋ አለው። አንዱ በሩ ጋ ነው፣ አንዱ መስኮቱ ሥር። የመስኮቱን ፍራሽ ስነካው ጥጉ ርጥብ ነበር። ጣቴን ቀመስኩት። ጨው ነው።

"ጣሪያው አፍስሶ ይሆናል" አለች ሚኖ። ሦስታችንም ቀና አልን። ጣሪያው ደረቅና ነጭ ነበር። ከዚያ ሚኖ ቦርሳዋን አንሥታ በሩ ጋ ያለው አልጋ ላይ አስቀመጠችው። "እኔ ይኼ ይበቃኛል" አለች። "መስኮቱ የሷ ይሁን። ብዙ ቆይታለች፣ ውጪውን ትይ።"

ላወጣት ፈልጌ ነበር። እጇን ይዤ ወደ መኪናው፣ ወደ ጀልባው፣ ወደ ቤት። ከዚያ ግን እቤት ምን እንደሚጠብቃት አሰብኩ፤ በሩ ላይ ያለውን ባዶ ማንጠልጠያ፣ ከድንጋዩ ጎን ያለውን ክፍት ሣር። ትርፍ አንሶላውን ከሻንጣው አወጣሁ። የሚኖን አልጋ አነጠፍኩ፣ ቀጥሎ የመስኮቱን። ሌስሊ የፍራሹን ጥግ ከፍ አድርጎ ያዘልኝ።

በሳምንቱ እሑድ ሚኖ ደወለች። ጭቃ ውስጥ እንደገባች፣ እስከ ወገቧ እንደሰመጠች፣ መምህሯ እንደጎተታት ነገረችን። ሌስሊ በሳቅ ተንከተከተ። ከመዝጋቷ በፊት ብቻዋን መሆን እንዳልከበዳት ጠየቅኳት።

"ብቻዬን አይደለሁም፣ እማ" አለች። "ስገባ መስኮቱ ተከፍቶ አገኘዋለሁ። ሌላ ምንም የለም። አትፍሪ።"

መስከረም ላይ ውሃው ድንጋዩ ደረሰ። ሚኖ ስለሌለች እኔ ነኝ ልለካ የወጣሁት፤ የሚለካ ርቀት ግን አልቀረም። ድንጋዩ ወደ ፊት አዘንብሏል። ቅርፊቶቹን አንሥቼ ቆርቆሮውን አወጣሁ። ክዳኑ በደንብ ተገጥሟል፤ ውስጡ አንዲት ጠብታ የለም። ባዶ ነው። በሰም ጨርቅ የተጠቀለለው ደብዳቤም የለም።

የጋሪው ድምፅ ከኋላዬ ቆመ።

"ለአዴሊያ ዛሬም ምንም የለም" አለች አክስት ኦርደል። "ነሐሴ ካለፈ ወዲህ አንድም አልመጣላትም።"

"አድራሻ ቀይራለች፣ አክስቴ።"

ራሷን ነቀነቀች፤ የምትጠብቀውን ወሬ የሰማች ትመስል ነበር። ከደረት ኪሷ እርሳስ አወጣችና እየተንቀጠቀጠች ወደኔ ዘረጋችው። "ጻፊልኝ" አለች። "የሚመጣ ካለ ላስተላልፍላት።"

በጋሪው ጎን ባለው እንጨት ላይ አጎንብሼ ስሟን፣ የክፍሉን ቁጥር፣ የኮሌጁን አድራሻ ጻፍኩ። ድንጋዩን ቀና ብዬ አላየሁም።